ክፉህን አላነሣም

አባቴ ቢላዋ ሳያቃጥል ምንም ነገር አይቆርጥም። ሽንኩርትም ይሁን ዳቦ፣ መጀመሪያ ስለቱን ከሰሉ ላይ ያደርገዋል፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ ነው የሚቆርጠው። እቤታችን ያለ ቢላዋ ሁሉ ጥቁር ነው። እናቴ ለእንግዳ ብላ አዲስ ገዝታ ትደብቃለች፤ እሱ ፈልጎ ያገኘውና ያጠቁረዋል። ጓደኞቼ ንጽሕና የሚወድ ሰው ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው ብዬ ዝም ብዬ ኖርኩ። ባለፈው ዓመት ግን ሐኪሙ የግራ እግርህ አውራ ጣት ካልተቆረጠ እግርህን እንዳለ ታጣለህ ሲለው፣ አባቴ እምቢ አለ። ቢላዋውና ጣቱ አንድ ታሪክ ናቸው፤ መነሻቸውም የመንግሥት መገልበጥ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ።

ደርግ ሲወድቅ እኔ ገና አልተወለድኩም። አባቴና ጓደኛው መስቃን ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ጎረምሶች ነበሩ። አባቴ ከጉንችሬ የመጣ ክርስቲያን ነው፤ ጓደኛው እዚያው መስቃን የተወለደ ሙስሊም። የተሸነፈው ጦር በቡኢ መንገድ እየተንጠባጠበ ሲያልፍ፣ ጠመንጃውን በዳቦ የሚለውጥ ነበር፣ በጠመንጃው ዳቦ የሚቀማም ነበር። ሁለቱ ከአንድ ገበሬ እንሰት ውስጥ ገብተው ተደበቁ። የሚመጣውን አያውቁትም፤ የሄደውን ግን አሳምረው ያውቁታል። የአባቴ ታላቅ ወንድም በሄደው መንግሥት ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የገዛ ጓደኛው ተነሥቶ ክፉውን አወራበት። ከአዳራሹ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። አጎቴን በፎቶግራፍ እንኳ አላውቀውም፤ አያቴ ፎቶውን ቀብራዋለች ይባላል።

እዚያ እንሰት ሥር ተቀምጠው ሁለቱ ጉርዳ ገቡ። ጉርዳ እኛ ጉራጌዎች ጋ መሐላ ነው፤ ግን ፍርድ ቤት እጅ አንሥቶ እንደሚማለው አይደለም። ያፈረሰውን ሰው ብቻ ነክቶ አይተውም፤ ከብቱን፣ ተክሉን፣ ልጆቹን ተከትሎ ይገባል ይላሉ። የማሉት ቃል አጭር ነበር። ማንም መንግሥት ይምጣ፣ ማንም ስብሰባ ይጥራ፣ ሰው ፊት ክፉህን አላነሣም።

አዲሱ መንግሥት የተማረ ሰው ይፈልግ ነበርና ሁለቱም ድርጅቱ ውስጥ ገቡ። እኔ ነፍስ ሳውቅ የአባቴ ጓደኛ የወረዳችን አስተዳዳሪ ነበር፤ አባቴ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ። ቡታጅራ ውስጥ ጎን ለጎን የመንግሥት ቤት ተሰጥቷቸው ነበር፤ በመካከላችን ያለው የቆርቆሮ አጥር አንድ ቦታ ላይ ተቀዶ ልጆቹ ሁሉ የምንሾልከው በዚያ ነው። እነሱ ጓሮ በርበሬ ከተሰጣ፣ እኔ ገና ከቀዳዳው ሳልወጣ አስነጥስ ነበር። እሱን ጋሼ እለው ነበር። ወፈር ያለ፣ ሳቂታ፣ ያለ «ወላሂ» አንድ ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ሰው። ፀሐዩ ከረረ ወላሂ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ ወላሂ፤ በርበሬ ተወደደ ወላሂ። አባቴ «አንተ ሰውዬ፣ ፈጣሪን በሻይ ምስክር እያደረግህ አደከምከው» ይለው ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ላይ ያሉት ሰዎች ተከፋፈሉ ተባለ። መንግሥቱን ከያዙት መካከል ግማሹ ግማሹን ሊጥል ነበር፣ የተጣለው ተጣለ፣ አሁን ደግሞ የተጣለው ሰው እጅ እስከ ታች ድረስ እየተፈለገ ነው ተባለ። ጠቡ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ እኛ አዳራሽ ወረደ። እኛ ጋ ሲደርስ ማን ከማን በምን እንደተጣላ የሚያውቅ አልነበረም፤ መጣላት እንዳለበት ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ግምገማ ተጀመረ። ግምገማ ማለት አንዱ አመራር ይቆምና ጥፋቱን ራሱ ይናገራል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይነሡበታል። የተባለውን ከተቀበለ ሂሱን ዋጠ ይባላል፤ ካልተቀበለ እስኪውጥ ድረስ ይቀጥላል። እኛም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ግምገማ እንጫወት ነበር። አንዱ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሰብሳቢ ይሆናል፤ አንዷን እናቆማትና ደብተር ሰርቀሻል፣ ንፍጥሽን አትጠርጊም፣ እንላታለን። «ዋጥሽ ወይስ አልዋጥሽም?» እንላለን በአንድ ድምፅ። ካልዋጠች አሸዋ እናስልሳታለን። እኔ መቼም አልውጥም ነበር፣ የልጅነት ጥርሴ ከአሸዋ ጋር ነው ያደገው።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው፣ ግማሹን ከአባቴ፣ ግማሹን ከእናቴ። ብልጥ ሰው በግምገማ ወዳጁን በቀላል ነገር ይወቅሰዋል። ሰዓት አያከብርም፣ ሪፖርት ያዘገያል፣ ይላል። ወዳጁ አመሰግናለሁ ብሎ ይውጣል። ሁለቱም ይድናሉ። አዳራሹ ሙሉ ሰው እንደዚያ እያደረገ ዳነ። ጋሼ ሲቆም ሁሉም አንድ አንድ ነገር አለ፤ ተራው አባቴ ጋ ሲደርስ፣ የምለው የለኝም አለ። አባቴ ሲቆም ደግሞ ጋሼ፣ የምለው የለኝም አለ። ማርፈድህ አይነሣ፣ ሪፖርትህ አይነሣ። መሐላው ትልቅ ክፉና ትንሽ ክፉ ብሎ አልለየላቸውም። ጉርዳ የሌለበት አገር ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ እነሱ ግን ተሳሳቱ።

ከክልል የመጣው ሰብሳቢ የገባው ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ አንዲት ቃል ካጡ ተመካክረዋል፤ ከተመካከሩ ቡድን ናቸው፤ ቡድን ከሆኑ ከተጣለው አንጃ ጋር ናቸው፣ ወረዳውን ሊገለብጡ ነው። በምን እንደሚገለብጡት እግዜር ይወቅ፣ በጠመኔ ይሆናል። መሐላ አለብን ብለው እንዳይናገሩ ደግሞ፣ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ተብሎ ሌላ ጥፋት ይጨመርባቸዋል። ስለዚህ ዝም አሉ። ዝም ባሉ ቁጥር ሴራው እየተረጋገጠ ሄደ።

ከዚያ ሰብሳቢው አባቴን ለብቻው ጠራው። ሁለታችሁም አብራችሁ እስር ቤት ትገባላችሁ ወይ ደግሞ አንዳችሁ ድርጅቱን ትመርጣላችሁ፣ ከምሳ በኋላ መልስህን ይዘህ ና፣ አለው። አባቴ ለምሳ መጣ። ያን ምሳ አስታውሰዋለሁ፤ ቆጮና ጎመን ነበር፣ አልነካውም። እኔና ታናናሾቼ ዙሪያውን ተቀምጠን የእሱን ድርሻ በዓይናችን እየበላን ነበር። እናቴ ቆማ ታየዋለች። እሷም የጉራጌ ልጅ ናት፣ ጉርዳ ምን እንደሆነ በማወቅ ከእሱ አታንስም።

«እነዚህን ልጆች መሐላ ላብላቸው?» አለችው።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሱ እጁን ታጥቦ ወጣ፤ ሳይበላ መታጠቡ ገርሞኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ አባቴ ተነሥቶ የጓደኛውን ክፉ ተናገረ። የተናገረው ይኼ ነው። በአንድ የበርበሬ ወቅት፣ ያለጊዜው ዝናብ መጥቶ የጋሼ እናት ያሰጡት በርበሬ ሊበላሽ ሲል፣ ጋሼ በወረዳው መኪና ጆንያውን ጭኖ ወደ ከተማ አስገብቷል። እውነት ነው። አባቴ ያልተናገረው፣ እሱ ራሱ ያን ቀን ጆንያው ላይ ተቀምጦ በርበሬው እንዳይወድቅ ይዞ እንደመጣ ነው።

ጋሼ አልተከራከረም። ዋጥክ ወይ ሲሉት፣ ዋጥኩ አለ። በመንግሥት ንብረት አላግባብ ተጠቀመ ተብሎ ታሰረ፣ ቤቱን ለቀቁ፣ ልጆቹ ገጠር ወደ አያታቸው ሄዱ። የተቀደደውን ቆርቆሮ ማን እንደመታው አላውቅም፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በምስማር ተቸንክሮ አገኘሁት። አባቴ የወረዳው አስተዳዳሪ ሆነ።

መኪናው ደጃችን መጥቶ ይቆም ጀመር። እናንተ ልጆች ታድላችሁ ይሉን ነበር። ምኑን ታደልን? እኔ መኪናው ውስጥ ገብቼ በሩ ሲዘጋ ማስነጠስ እጀምራለሁ። ወንበሩ ሥር፣ ምንጣፉ ውስጥ፣ በርበሬው አልወጣም ነበር። ሹፌሩ አጥቧል፣ ጠርጓል፣ አልሆነም። ሌላ ሰው አያስነጥሰውም፣ እኔን ብቻ። አባቴ ከፊት እንደተቀመጠ ዞሮ አያየኝም፤ እጁን ብቻ ሰዶ መስኮቱን ይከፍታል። ክረምት እንኳ ቢሆን፣ ዝናብ እየገባ፣ መስኮቱን ከፍተን ነበር የምንሄደው።

ከዚያ እንሰቱ ታመመ። ጓሯችን አባቴ ችግኙን ከጉንችሬ አምጥቶ የተከለው እንሰት ነበረ፤ እንደ ልጁ ነው የሚያየው። አንዱ ከመሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጠወለገ። ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የሱ ጎረቤት። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያዣል። የግብርና ሠራተኛ መጥቶ አየው፣ ይኼ የታወቀ የእንሰት በሽታ ነው፣ ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚሻገረው በቢላዋ ነው፣ አንዱን ቆርጠህ ወደ ሌላው ከመሄድህ በፊት ስለቱን በእሳት አሳልፈው፣ አለ። አባቴ እንደ ተማሪ ቆሞ ሰማው። ሰውዬው ሲሄድ እኔን አየኝና «በቢላዋ ነው የሚሻገረው አለ» አለኝ። ስለ ቢላዋ እንደማያወራ ዘጠኝ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ ገብቶኛል።

የታመመውን ሁሉ ብቻውን ነቅሎ ቀበረ። የወረዳ አስተዳዳሪ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው አላስጠጋም። የቀሩትንም ለማዳን ቢላዋውን እያቃጠለ ሞከረ፣ አልዳኑም። ጓሮው ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነው የነካውን ስለት ሁሉ የሚያቃጥለው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የደረሰብን ሁሉ ለሱ አንድ ሆነ። የታናሽ ወንድሜ ወባ፣ የእናቴ መውደቅና ክንዷ መሰበር፣ እኔ አስረኛ ክፍል ላይ ውጤት ሳይመጣልኝ መቅረቴ። ያላጠናሁት ራሴ ነኝ ብለው አይሰማኝም። ሐዘን እንዳለበት ሰው ትከሻዬን ይዞኝ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ከዱላ ይብሳል።

ሥልጣኑም አልበረከተም። በሌላ ግምገማ እሱ ራሱ ለሹመት ያበቃው ልጅ ተነሥቶ ክፉውን አወራበት። አባቴ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ዋጠ፤ ሰብሳቢው ራሱ እስኪገርመው ድረስ። ወደ መምህርነት መለሱት፣ ወልቂጤ አዛወሩት። እኔም ወልቂጤ አደግሁ። አሁን ከዞኑ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ካለው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የሚገርመው፣ ባለሥልጣኖቹ ግለ ሂሳቸውን ለማስጻፍ እኔ ጋ ነው የሚመጡት። አንዱ «ቀለል አድርገሽ ጻፊልኝ እህቴ፣ የሚዋጥ ይሁን» ይለኛል። እኔ መተየብ እንጂ ማቅለል አልችልም እለዋለሁ። አለቃዬ አፍሽ ደንበኛ ያባርራል ትላለች። እውነቷን ነው።

ስኳር በሽታ አባቴን ከያዘው ቆይቷል። ጣቱ ቆስሎ ጠቆረ፣ ሐኪሙ ይቆረጥ አለ። አባቴ ሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በእርጋታ፣ እሱ ሳይፈታኝ ስለት አይነካኝም አለ። ያፈረስከውን ጉርዳ የሚፈታው አብሮህ የማለው ሰው ነው፤ እሱ ይቅር ካላለ የነካህ ስለት ሁሉ በሽታውን ያሻግራል ብሎ ያምናል። እናቴ አለቀሰች። እኔ ተሳደብኩ። ሐኪሙ በሳምንት ውስጥ ካልወሰናችሁ አለን፣ የቀረውን በዓይኑ ጨረሰው። ታዲያ ማን ይሂድ? አባቴ ለመሄድ አይችልም፣ እናቴ ለመሄድ አትደፍርም። በበነጋው እኔ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ በዓለም ገና ዞሬ፣ በቡኢ አድርጌ፣ ቡታጅራ ገባሁ።

ጋሼን ያገኘሁት ገበያው አጠገብ ባለው የበርበሬ ሱቁ ነው። ከእስር ሲወጣ የከፈተው ሱቅ ነው፤ በስንቱ ሸቀጥ መካከል የመረጠው በርበሬን ነው። ከሰውነቱ ግማሹ ሄዷል፣ ጢሙ ነጥቷል። በሩ ላይ ቆሜ ሰላምታ ከማቅረቤ በፊት አስነጠሰኝ፣ ደጋግሞ። ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ።

«ይቺ ማስነጠስ የመምህሩ ልጅ ናት» አለ። «ግቢ፣ ግቢ ልጄ። ትልቅ ሰው ሆነሻል ወላሂ።»

ውሃ ሰጠኝ፣ ዱካ ላይ አስቀመጠኝ። ስለ እናቴ ጠየቀ፣ ስለ ታናናሾቼ ጠየቀ። ስለ አባቴ አልጠየቀም፤ እኔ እስክነግረው እየጠበቀ ነበር። እየዞርኩ መናገር አላውቅበትም፣ ሁሉንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት፣ እንሰቱን፣ ቢላዋውን፣ ጣቱን። ፍታው፣ አለዚያ እግሩን ሊያጣ ነው፣ ነፍሱንም፣ አልኩት። አንዲት ሴት መሐል ገብታ የበርበሬ ዋጋ ጠየቀች፤ ከዚህ በታች አያዋጣኝም ወላሂ፣ ብሎ መለሰላት። እሷ ስትሄድ እጁን አራገፈ።

«ንገሪው» አለኝ። «እኔም ልናገር ነበር። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ልነሣበት ቆርጬ ነበር የገባሁት። እሱ ቀደመኝ እንጂ ያው ነን። የምፈታው ነገር የለም በይው፤ ሁለታችንም አፍርሰነዋል።»

እያየሁት ነበር። እሱ ግን የሚያየው ጆንያውን ነው። ስነሣ አንድ ትንሽ ጆንያ በርበሬ አሸከመኝ፤ እምቢ ብለው አልሰማኝም።

መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር። እስኪ አስቡት፣ ስንት ዓመት ቤታችን ውስጥ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ የኖረ ነገር በአንድ ቃል ሊወጣ ነው። እንዲያውም ተናድጄ ነበር፤ እሱም ያው ከሆነ እኛ ለምን ይኼን ሁሉ ከፈልን እያልኩ። ወልቂጤ ደርሼ ጆንያውን በሩ ላይ ጥዬ፣ አባቴ አልጋ ጫፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ እንደተቀመጠ፣ ቃል በቃል ነገርኩት። እናቴ ከበሩ ጋ ቆማ ትሰማለች።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ወላሂ ብሏል?»

መዋሸት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት፣ ብሏል ማለት። እናቴ በዓይኗ እየለመነችኝ ነበር። ግን አእምሮዬ ሱቁ ውስጥ ተመልሶ ገባ፤ ማደጌን ወላሂ ያለ ሰው፣ ለበርበሬ ዋጋ ወላሂ ያለ ሰው፣ እዚያች ላይ ሲደርስ ቃሉ ከአፉ ጠፍቶ ነበር። አፌ ቀደመኝ።

«አላለም።»

አባቴ ፈገግ አለ። ፈገግታውን ባላየሁት እወድ ነበር፤ ኩራት ነበረበት።

«እንግዲያው ዋሽቷል» አለ። «እኔ እንድተኛ ብሎ የኔን ክፉ በራሱ ላይ አደረገው። ዛሬም ክፉዬን አላነሣም። ከጉርዳው የወጣሁት እኔ ብቻዬን ነኝ።»

እናቴ በሩን ለቃ ወጣች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። አበላሸሁት ብዬ ሳስብ፣ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገረ። ነገ ሆስፒታል ውሰዱኝ አለ። ምን ተገኘ ስለው፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ ከሆነ ጉርዳው ከእኔ ይውሰድ፣ ወደ እናንተ አይሂድ አለኝ። ሐኪሙን አምኖ አይደለም የተነሣው፤ ሊከፍል ነው። ያንን እያወቅሁ ልብሱን አዘጋጀሁለት። ምን ላድርግ፣ እግሩ ያስፈልገኛል።

በማግስቱ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ነርሷን አስቆማት።

«ሲስተር፣ ስለቱ በእሳት አልፏል?»

«በእንፋሎት ነው የምናጸዳው አባባ» አለችው፣ የለመደችው ጥያቄ ይመስል። «ከእሳት ይበልጣል።»

ትንሽ አሰበና እሺ አላት።

ቁስሉ ደረቀ። ሐኪሙ ተደስቷል፣ እንደሱ ቶሎ የዳነለት ሰው የለም ይላል። አባቴ ግን መዳኑ አላስደሰተውም። በቀላሉ ስለዳነ የተወሰደበት አነስ ብሎታል መሰለኝ። ቢላዋውንም አልተወም። እናቴ ከቡታጅራ የመጣውን በርበሬ አስፈጭታ ሠርታበታለች፤ ከተጨረሰ ቆይቷል፣ ጆንያውንም አጥባ ጥላዋለች። እኔ ግን ከሥራ መጥቼ በሩን ስዘጋ ያስነጥሰኛል። ሌላውን አያስነጥሰውም። አባቴ ከሰሉ አጠገብ ቢላዋውን እንደያዘ ቀና ብሎ ያየኛል። ጉንፋን ነው፣ እለዋለሁ። ተነሥቶ እያነከሰ ሄዶ መስኮቱን ይከፍታል።